ምሰሶው ሳይቃና ሽቦ አታጥብቁ፦ ከአንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ የተማርኩት

ያገለገለች ትንሽ የሸራ ጀልባ ገዝታችሁ፣ ምሰሶዋን አቁመው የያዙት ሽቦዎች ምን ያህል መወጠር እንዳለባቸው ግራ ከገባችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከቤቴ አናፖሊስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ ወዲያ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ሰመር ሲመጣ ጀልባ ስለመግዛት የሚጠይቁኝ ወገኖች አሉ። ስለ ሞተሩ ይጠይቃሉ፣ ስለ ሸራው ይጠይቃሉ፣ ስለ ማቆሚያው ኪራይ ይጠይቃሉ። ስለ ሽቦዎቹ ግን ማንም አያነሣም። ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ የሚያስኬዳት፣ ሲከፋም ምሰሶው ራሳችን ላይ እንዳይወድቅ የሚጠብቀን ግን እሱ ነው።

የኔዋ ጀልባ ካታሊና 22 ናት። ፍራንክ በትለር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሠርቶ ከ1969 ጀምሮ ገበያ ያወጣት፣ ከ15 ሺህ በላይ የተመረተች፣ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ የምትረዝም ጀልባ ናት። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ትንሽ ጀልባ የፈለገ ሰው አንዷን ሳያይ አይቀርም። የአልሙኒየም ምሰሶዋ የሚቆመው ካቢኑ ጣሪያ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ ሽቦዎቹ ከተፈቱ በራሱ መቆም አይችልም። ከአናቱ አንድ ሽቦ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ይወርዳል። በግራና በቀኝ ደግሞ ከአናቱ ተነሥቶ፣ መሃል ላይ አግድም በተተከለ ክንድ ተገፍቶ የሚወርድ ረጅም ሽቦ አለ። ከምሰሶው ወገብ፣ ክንዶቹ ካሉበት ሥር፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት አጫጭር ሽቦዎች ይወርዳሉ፤ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ሽቦዎቹ ታች ላይ ከጀልባዋ አካል ጋር የሚያያዙት ተርንበክል በሚባል ማጥበቂያ ነው፤ ሲያዞሩት ከላይም ከታችም ያለውን ብሎን አንድ ላይ ወደ ውስጥ ይስባል። ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ድንኳን የተከለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ የአንዱን ጎን አውታር ብቻ ካጠበቃችሁ ምሰሶው ወደዚያ ይሄዳል፣ የሌላው ጎንም ሥራ ይበዛበታል።

ችግሩ የታየኝ ሜይ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ነፋስ ተነሣ፤ ቢበዛ 15 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ ነው) ቢሆን ነው። ቼሳፒክ በአማካይ ከስድስት ሜትር ተኩል የማይበልጥ ጥልቀት ስላለው እንዲህ ያለ ነፋስ ሲመጣበት ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወጣ ሌላው ይደርስባታል። ከ1875 ጀምሮ ውኃው መሃል በብረት እግሮች ላይ የቆመውን የቶማስ ፖይንት መብራት ቤት እንዳለፍን፣ ጀልባዋ ባዘነበለችበት በኩል ያሉት ሽቦዎች እንደ ልብ ሲወዛወዙ አየሁ። ቀና ስል ደግሞ የምሰሶው ወገብ ማዕበል በመታን ቁጥር ወደ ፊት ይገፋና ይመለሳል። ወዲያው ሸራ አውርደን በሞተር ገባን። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ እናንተም ይህንኑ አድርጉ፤ ውኃ ላይ ሆኖ ሽቦ ለማጥበቅ መታገል ይቅርባችሁ። የላላ ሽቦ አደጋው መላላቱ ብቻ አይደለም። ጀልባዋ በተናጠች ቁጥር ሽቦው ይላላና በድንገት ይወጠራል፤ ያ ድንገተኛ ጉተታ በተደጋገመ ቁጥር መያዣ ብረቶቹን እያደከመ ይሄዳል።

ማሪናው፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያው ላይ ያማከርኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ አጥብቀው። ለሥራው የከፈልኩት ባለሙያም መጥቶ ሽቦዎቹን በጣት ሲነኳቸው እስኪጮኹ ድረስ አጠበቃቸው። አልለካም፣ ከሥር ሆኖ ምሰሶውን ቀና ብሎ አላየም። ከዚያ በኋላ መወዛወዙ ቆመ፤ ጀልባዋ ግን ባሰባት። ነፋሱ በቀኝ ሲመጣ ደህና ትሄዳለች፣ በግራ ሲመጣ ትጎተታለች። መሪው ክንድ ያዝላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ምሰሶው በተቀመጠበት ዙሪያ የጣሪያው ቀለም ሲሰነጣጠቅ፣ ዝናብ ሲጥልም ካቢን ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ። አንድ ቀጥ ያለ ጣውላ ጣሪያው ላይ አግድሜ ሳስቀምጥ ምሰሶው ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረ። ሽቦ ሲጠብቅ ምሰሶውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ሁሉም ሽቦዎች አንድ ላይ ሲጠብቁ ጉልበቱ ተደምሮ የሚያርፈው በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ከጣሪያው ሥር ያለው እንጨት ውኃ ከጠጣና ከለሰለሰ ደግሞ ይሰምጣል። ሌሎች ጀልባዎች ላይ ይህ የሚታወቀው የውስጥ በሮች አልዘጋ ሲሉ ነው። ሽቦ ካጠበቃችሁ በኋላ እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ አላሉት።

መላው የተገኘው በአንድ ጋሼ በኩል ነው። እዚህ አካባቢ በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል፣ ምፅዋ ላይ ያገለገሉ አባቶች አሉ። እኚህን ጋሼ ያገኘኋቸው በሰው በሰው ነው፤ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይዣቸው ሄድኩ። ጀልባዋ ላይ ሲወጡ ምንም ነገር በእጃቸው አልነኩም። ምሰሶው ሥር ጋደም ብለው ጉንጫቸውን አስጠግተው፣ ሸራው በሚሄድበት ቦይ ተከትለው ወደ ላይ ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ ቦታቸውን ለቀቁልኝና “ና፣ አንተም እይ” አሉኝ። ሳይ የምሰሶው ወገብ ወደ ግራ፣ አናቱ ወደ ቀኝ ሄዷል።

“ታዲያ ጋሼ፣ ጠብቋል ነው የሚባለው ወይስ ላልቷል?”

“እሱን ኋላ እንጠይቃለን። መጀመሪያ ቀጥ ይበል። የጠመመውን ካጠበቅኸው ያጸናኸው ጥመቱን ነው። አሁን ሁሉንም አላላው፣ ግን አንዱንም እንዳትፈታ።”

የዚያን ቀን ሥራችን ማላላትና መመርመር ብቻ ሆነ። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ሽቦውን በባዶ እጅ አትዳብሱት፤ የተበጠሰ ክር ካለ እጅ ይቀዳል። ሶፍት ይዛችሁ ከላይ እስከ ታች ሳቡት፣ ሶፍቱ የተያዘበት ቦታ ላይ ቁሙ። አብዛኛው የትንሽ ጀልባ ሽቦ ከ19 ክሮች የተገመደ ነው፤ ክር የሚበጠሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሽቦው ወደ ጫፍ ብረቱ በሚገባበት አፍ ላይ ነው፤ ውኃና ጨው የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። የኔ ጀልባ ላይ በግራ በኩል ወደ ኋላ ያዘነበለው አጭር ሽቦ አንድ ክሩ እዚያው አፉ ላይ ተበጥሶ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስንጎትተው የነበረው ይህንን ሽቦ ነው። የጫፍ ብረቶቹን በማጉያ መነጽር እዩ፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ያ ሽቦ አብቅቶለታል። ማጥበቂያዎቹ የተጣመመ ብሎን እንዳይኖራቸው እዩ። የአግድም ክንዶቹን ጫፍ አትርሱ፤ በቴፕ ተጠቅልለው ስለሚኖሩ ማንም ገልጦ አያያቸውም። አንድ ሽቦ ከተበላሸ ሌሎቹም ዕድሜያቸው እኩል ነውና እኔ ሁሉንም ቀየርኩ። ከገዛችሁት ሰው ሽቦው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ከሆነው፣ በተለይ ጨው ውኃ ላይ የኖረ ከሆነ፣ ባይበጠስም መቀየሩን አስቡበት። ምሰሶው ሥር የለሰለሰውን እንጨትም በዚያው አስወጥተን በደረቅና ጠንካራ ተካን። ይህ ሳይስተካከል ሽቦ መለካት ከንቱ ድካም ነው።

አዲሶቹ ሽቦዎች ከገቡ በኋላ ማስተካከሉን የጀመርነው ነፋስ በሌለበት ማለዳ ነው። ጀልባዋ ውኃ ላይ መሆን አለባት፤ ማሰሪያዎቿም ወደ አንድ ጎን እንዳይስቧት ላላ ይበሉ። ሰውም ዕቃም መሃል ላይ ይሁን። መጀመሪያ ሁሉንም ሽቦ በእጅ ብቻ፣ ያለ መፍቻ፣ ዘንበል እንዳይል ያህል አጠበቅን። ከዚያ የዋናውን ሸራ መስቀያ ገመድ ወስደን ጫፉን የቀኙ ረጅም ሽቦ ከጀልባዋ ጋር በታሰረበት ብረት ላይ ነክተን ምልክት አደረግን፤ ያንኑ ገመድ ወደ ግራ ወስደን አመሳከርን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገመዱ ስለሚለጠጥ ነው፤ በአንዱ በኩል ጠበቅ በሌላው ላላ አድርጎ ይይዘውና ምሰሶው ሳይቃና የተቃና ይመስለዋል። ጋሼ መፍትሔያቸው ቀላል ነበር፤ በሁለቱም በኩል ገመዱን የሚስበው ያው አንድ የሻንጣ መመዘኛ ሆነ፣ ቁጥሩም እኩል። አናቱ መሃል እስኪሆን በአንዱ ጎን ማላላት በሌላው ማጥበቅ፣ በቃ።

ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን ማየት ነው። ከዚያው ገመድ ጫፍ ላይ መፍቻ አንጠልጥላችሁ ከምሰሶው ኋላ ስንት ጣት እንደሚርቅ እዩ። አናቱ ትንሽ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ጥሩ ነው። በጣም ካዘነበለ ግን ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ለማዞር ትታገላለች፣ መሪውም ከእጃችሁ ይስባል። የኔን ክንድ ሲያዝለው የነበረው አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። የፊቱን ሽቦ ጥቂት አሳጥረን፣ የኋላውን በዚያው ልክ ስንለቅ ነገሩ ተቃለለ። መሪው በሁለት ጣት የሚያዝ ትንሽ ጉተታ ቢኖረው ግን አትጥሉት፤ ድንገት መሪውን ብትለቁ ጀልባዋ ራሷ ወደ ነፋሱ ዞራ ትቆማለች።

አሁን ነው ቁጥር የሚመጣው። ሉስ የሚባለው የሽቦ ውጥረት መለኪያ አለ፤ ለትናንሽ ጀልባዎች የሚሆነው ሞዴል ኤ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን ከሌላችሁ ገንዘብ እስክታገኙ መጠበቅ የለባችሁም። ስዊድናዊው ምሰሶ አምራች ሴልደን ለደንበኞቹ የሚያስተምረው ዘዴ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው መለኪያ ዘንግ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሽቦው በእጅ ብቻ በጠበቀበት ጊዜ የዘንጉን የላይ ጫፍ ከሽቦው ጋር በቴፕ እሰሩት፤ የታችኛው ጫፍ ከሽቦው የጫፍ ብረት አፍ ጋር ልክ ይግጠም። ከዚያ ማጥበቂያውን ስታዞሩ ሽቦው ይለጠጣል፣ በዘንጉ ጫፍና በብረቱ አፍ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ለባለ 19 ክር የማይዝግ ብረት ሽቦ፣ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ በሁለት ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መለጠጥ ማለት ሽቦው ከሚበጠስበት ጉልበት 5 በመቶ ላይ ነው ማለት ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር 15 በመቶ ነው። የኔ ጀልባ ሽቦ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የሚበጠሰው 950 ኪሎ ገደማ ላይ ስለሆነ 15 በመቶው ወደ 140 ኪሎ ይሆናል። ለሌላ ዓይነት ሽቦ ወይም በሽቦ ፈንታ ለሚገባ የብረት ዘንግ ግን ይህን ሒሳብ አትጠቀሙበት።

ረጅሞቹን የጎን ሽቦዎች 15 በመቶ አካባቢ አደረግናቸው፤ ይህም በአንድ ጊዜ አይደለም። አንድ ሙሉ ዙር በቀኝ፣ አንድ ሙሉ ዙር በግራ፣ እየቆጠርን። በዚህ ጊዜ ዘንጉን አንዱ ጎን ላይ ብቻ ማሰር ይበቃል፤ ሌላው እየተከተለው ይወጠራልና። አጫጭሮቹን ከዚያ ባነሰ፣ ወደ 10 በመቶ ተውናቸው። ምክንያቱም ረጅሙ ሽቦ ሲጫንበት ከአጭሩ ይልቅ ብዙ ይለጠጣል። አጭሩ ከመጠን በላይ ከጠበቀ የምሰሶውን ወገብ ቀጥ አድርጎ ይዞ አናቱ ብቻውን ወደ ውኃው ይታጠፋል። ያ ባለሙያ ሲያጠብቅ የሆነው ይኸው ነው፤ አጫጭሮቹ ለእጅ ስለሚቀርቡና ለመዞር ስለሚቀሉ ከሁሉ በላይ ጠብቀው ነበር። ከአጫጭሮቹ መካከል የፊቶቹ ከኋላዎቹ በጥቂቱ ይበልጡ፤ ይህ ወገቡን ለዓይን በሚታይ መጠን ብቻ ወደ ፊት ያዘነብለዋል፣ ማዕበል ሲመታም ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ ይረዳዋል። በየመሃሉ ምሰሶው ሥር ጋደም እያላችሁ በቦዩ ወደ ላይ ማየት እንዳይሰለቻችሁ። ከዘንጉም ከመለኪያውም በላይ የምተማመነው በዚህ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ሸራ ከፍቶ መውጣት ነው። 10 ወይም 12 ኖት ነፋስ ጠብቃችሁ፣ ማዕበሉ አነስተኛ ሲሆን ውጡ። ጀልባዋ ነፋሱን በተቻለ መጠን ከፊት ይዛ 15 ወይም 20 ዲግሪ ስታዘነብል ወደ ውኃው በኩል ያለውን ረጅም ሽቦ እዩት። ከነፋሱ በኩል ካለው ለስለስ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ግን ላልቷል። ከዚያ አንዳችሁ መሪ ይዛችሁ ሌላው በቦዩ ወደ ላይ ይመልከት። አናቱ ወደ ውኃው ከወደቀ ረጅሞቹ ይጠበቁ። ወገቡ ወደ ውኃው ከተቀለሰ አጫጭሮቹ ይጠበቁ። የምታዞሩት ሁልጊዜ ወደ ውኃው በኩል ያለውን፣ ጭነት የሌለበትን ማጥበቂያ ነው፤ በነፋሱ በኩል ያለው ምሰሶውን ይዞ እየታገለ ስለሆነ፣ እንዳይፈታ የያዘውን ፒን ነቅላችሁ እንዳትነኩት። ግማሽ ዙር አዙሩ፣ አቅጣጫ ቀይሩ፣ በሌላው በኩልም ግማሽ ዙር አዙሩ፣ እንደገና ተመልከቱ። እኛ ከሴቨርን ወንዝ አፍ ላይ እየተመላለስን ስንሠራ ውለን፣ አመሻሹ ላይ ጀልባዋ በግራም በቀኝም እኩል ሄደች። ጋሼ መሪውን ይዘው ምንም አላሉም፤ ለእኔ ግን ፊታቸው በቂ መልስ ነበር።

ማጥበቂያውን ስታዞሩ ከላይ ያለውን የሽቦ ጫፍ በመፍቻ ያዙት፤ አለዚያ ሽቦው አብሮ ይዞርና ግመዱ ይፈታል። አይዝጌ ብረት በአይዝጌ ብረት ላይ ሲዞር ጥርሶቹ እርስ በርስ ተናክሰው እስከ ጭራሹ ሊቆልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ላኖሊን ወይም ለዚህ የተሠራ ቅባት ቀቡት፤ ከከበዳችሁ በጉልበት አትግፉት፣ መልሳችሁ አላሉትና አጽድታችሁ ሞክሩ። ሥራው ሲያልቅ ማጥበቂያዎቹ በራሳቸው እንዳይፈቱ የሚይዟቸውን ፒኖች አስገቡ፣ ጫፋቸውን በፒንሳ ትንሽ ብቻ ክፈቱት፣ ሸራና እጅ እንዳይቀዱ በቴፕ ሸፍኑት። ፒን የሌለው ማጥበቂያ ማዕበል እየናጠው ቀስ በቀስ ይፈታል፤ የጀልባዋን ምሰሶ ያጣ ሰው ስታገኙ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ርካሽ ፒን ነው። የድሮውን ፒን መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

አዲስ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ትንሽ ስለሚረዝም እንደገና መለካት አለበት። ሙቀትም ያንቀሳቅሰዋል፤ አልሙኒየም ከብረቱ ይበልጥ ስለሚለጠጥ ኤፕሪል ላይ የለካችሁት ጁላይ ላይ ጥቂት ጠብቆ ታገኙታላችሁ፣ አትደንግጡ። ጀልባችሁን በመኪና እየጎተታችሁ ምሰሶውን የምታወርዱና የምታቆሙ ከሆነ፣ ከማውረዳችሁ በፊት በየማጥበቂያው ውስጥ ስንት ጥርስ እንደገባ ለክታችሁ ጻፉት ወይም በቴፕ ምልክት አድርጉበት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ትነሣላችሁ። ምሰሶ ከመቆሙ በፊት ግን ሁላችሁም ቀና ብላችሁ የኤሌክትሪክ መስመር አለመኖሩን እዩ፤ ጀልባዋ ወደ ውኃ እስከምትገባበት ድረስ ያለውን መንገድም ጭምር። የአልሙኒየም ምሰሶ ከመስመር ጋር ከተነካካ ነፍስ ያጠፋል። ጀልባዋ ውስጥ ደግሞ መለዋወጫ ፒኖች፣ ቴፕ፣ ፒንሳና ሁለት መፍቻዎች፣ ሽቦ ቢበጠስ በቦታው የሚታሰር የማይለጠጥ ጠንካራ ገመድ ጭምር ይኑር። ሽቦ ከተበጠሰ የመጀመሪያው ሥራ ጀልባዋን አዙሮ ጭነቱን ወደ ደህናው ጎን ማድረግ ነው፤ ገመዱን የምታስሩት ከዚያ በኋላ ነው።